ያልተቆጠረ ታማሚ ዜሮ አይደለም

እ.ኤ.አ ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ድረስ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም እና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። በ2023 ዓመቱን ሙሉ የተመዘገበው 4.1 ሚሊዮን ሕመምና 527 ሞት ነበር። በ2019 ደግሞ ቁጥሩ ወደ አንድ ሚሊዮን ገደማ ወርዶ፣ አገሪቱ እስከ 2030 ወባን ከምድሯ ለማጥፋት ዕቅድ ይዛ ነበር።

ስለ እነዚህ ቁጥሮች ብዙ ተወርቷል። ብዙ ያልተወራላት አንዲት ቃል ግን አለች፤ «ተመዘገበ» የምትለዋ። የተመዘገበው ታማሚ ጤና ኬላው ክፍት ሆኖ ያገኘው፣ መመርመሪያ ኪት ያላለቀበት፣ ስሙን መዝገብ ላይ የሚያሰፍርለት ባለሙያ ያላጣ ሰው ነው። ጤና ኬላው የተዘጋበት፣ መንገዱ በተኩስ የተቆረጠበት፣ እቤቱ ተኝቶ ሲንቀጠቀጥ ከርሞ የዳነው ወይም የሞተው ሰው እዚህ ቁጥር ውስጥ የለም።

ጉዳዩ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች የእርስ በርስ ክርክር ቢሆን ኖሮ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን የዛሬው መዝገብ የነገው አጎበር ነው። የትኛው ወረዳ ይረጭ፣ የትኛው ቀበሌ አጎበር ይሰጠው፣ መድኃኒቱ በየት በኩል ቀድሞ ይጫን የሚለው ጥያቄ እየተመለሰ ያለው ከዚያው መዝገብ ላይ በሚነሳ ስሌት ነው። ስሌቱ ስም አለው፤ ሒሳባዊ ሞዴል ይባላል። ግቡም በአነስተኛ ገንዘብ ብዙ ሕመም ማስቀረት ነው። ግቡ መልካም ነው። ችግሩ ስሌቱ የሕዝብ በጀት የሚያከፋፍል ሆኖ ሳለ ሕዝብ አይቶት የማያውቅ መሆኑ ነው።

*ስሌት አያስፈልግም ለሚሉት*

በአንድ ወገን ሞዴል የሚባለውን ነገር ሁሉ የሚያጣጥሉ አሉ። «በሽተኛን የሚያድነው መድኃኒት እንጂ ቀመር አይደለም» ይላሉ። እንደ ማስረጃ የሚያነሱት የኮሮናን ጊዜ ነው። በኤፕሪል 2020 መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ኮቪድ-19 በአህጉሩ ከ300 ሺህ እስከ 3.3 ሚሊዮን ሰው ሊገድል ይችላል የሚል ሪፖርት አወጣ። ከዚያ በኋላ በየአገሩ የተመዘገበው ሞት ከታችኛው ቁጥር እንኳ ሳይደርስ ሲቀር፣ «አላልናችሁም?» ተባለ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተዘልሏል። 3.3 ሚሊዮን የተባለው ምንም እርምጃ ካልተወሰደ በሚል መነሻ ነበር። እርምጃ ተወስዶ ቁጥሩ ሲቀንስ ትንበያው ውሸት ነበር ማለት፣ ጎርፍ ይመጣል ተብሎ ቦይ የቆፈረ ገበሬ ቤቱ ስላልተወሰደ ብቻ ነጋሪውን ውሸታም እንደማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያው የተመዘገበ እና ያልተመዘገበ ጉዳይ ነው። ሞት በወጉ በማይመዘገብበት አህጉር፣ የመዝገቡ ማነስ ብቻውን ስሌቱን ውድቅ አያደርገውም፤ ትክክል ነበር ብሎም አያረጋግጥለትም።

በወባ በኩል ደግሞ የስሌት ውለታ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ በ1897 ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ ሕንድ ውስጥ ያረጋገጠው ሐኪሙ ሮናልድ ሮስ ነው። በ1902 የኖቤል ሽልማት ከወሰደ በኋላ ጊዜውን ከሰጣቸው ነገሮች አንዱ ሒሳብ ነበር። ወባን ለማጥፋት የመጨረሻዋን ትንኝ መግደል አያስፈልግም፤ የትንኞቹ ቁጥር ከአንድ ልክ በታች ከወረደ በሽታው ራሱን ማስቀጠል ያቅተዋል የሚለውን ሐሳብ በቀመር ያሳየው እሱ ነው።

በ1950ዎቹ ጆርጅ ማክዶናልድ የተባለው እንግሊዛዊ ደግሞ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። ነገሩ እንዲህ ነው። ትንኝ የታመመ ሰው ነክሳ ወዲያው ለሌላው አታስተላልፍም። ተህዋሱ በውስጧ እስኪበስል ድረስ አሥር ቀን ገደማ ይፈጃል፤ እንደ አየሩ ሙቀት ይረዝማል ወይም ያጥራል። እንበልና ከመቶ ትንኞች በየቀኑ 90ዎቹ በሕይወት ያድራሉ። አሥረኛው ቀን ላይ የሚቀሩት 35 ያህል ናቸው። በርጭት ያ 90 ወደ 80 ቢወርድ፣ አሥረኛውን ቀን የሚያዩት 11 ያህል ብቻ ይሆናሉ። የትንኟን ዕድሜ በትንሹ ማሳጠር አስተላላፊዎቹን ከሲሶ በታች ያወርዳል። ከመቶ ትንኝ ሃምሳውን ቀድሞ መግደል ግን አስተላላፊዎቹን የሚቀንሰው በግማሽ ብቻ ነው። የቤት ውስጥ ርጭት ለምን ያን ያህል ኃይል እንዳለው ያስረዳው ይህ ስሌት ነው።

ስለዚህ ያለ ስሌት እንመራ ማለት በግምትና በጉልበት እንመራ ማለት ነው። አጎበሩ ድምፁ ከፍ ላለ ባለሥልጣን ወረዳ ቢሄድ ይህን ለማጋለጥ የሚቻለው በምንድነው? በቁጥር ነው።

*ስሌቱ ተናግሯል ለሚሉት*

በሌላ ወገን ያሉት የበለጠ ሊፈተሹ ይገባል፤ ሥልጣኑ ያለው እነሱ ዘንድ ነውና። «ውሳኔው ሳይንሳዊ ነው፤ ወጪና ውጤቱ ተሰልቶ ነው» ሲሉ ክርክር ያለቀ ይመስላቸዋል። ለምን እንዳላለቀ በአንድ ምሳሌ ይታይ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተቀመጡ ናቸው።

ሁለት ወረዳዎች አሉ እንበል። በሁለቱም በዓመት 10,000 ሰው በወባ ይታመማል። የመጀመሪያው አስፋልት ዳር ነው፤ ጤና ኬላዎቹ ይሠራሉ፤ 10,000ውም ይመዘገባል። ሁለተኛው ግጭት ያለበት ቆላ ነው፤ አብዛኞቹ ጤና ኬላዎች ተዘግተዋል፤ የተመዘገበው 2,500 ብቻ ነው። አጎበርና ርጭት በሁለቱም ቦታ ሕመሙን በግማሽ ይቀንሳል። ለመጀመሪያው 5 ሚሊዮን ብር፣ ለሁለተኛው የትራንስፖርቱ ተጨምሮ 6 ሚሊዮን ብር ያስፈልጋል።

እውነተኛው ሒሳብ ቀላል ነው። በመጀመሪያው ወረዳ አንድ ሕመም ለማስቀረት 1,000 ብር፣ በሁለተኛው 1,200 ብር ይወጣል። ልዩነቱ 20 በመቶ ነው። በመዝገቡ ሲሰላ ግን በሁለተኛው ወረዳ የሚቀረው ሕመም 1,250 ብቻ ስለሚመስል የአንዱ ዋጋ 4,800 ብር ይሆናል። በጥቂቱ ውድ የነበረው ወረዳ በወረቀት ላይ አምስት እጥፍ ሊሞላ ምንም ያህል የማይቀረው ውድ ሆኖ ይወጣል። ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም፤ የተሰጠውን አስልቷል። ወረዳው «አዋጭ አይደለም» የተባለው ጤና ኬላው ስለተዘጋበት ነው። አንድ ጊዜ በግጭቱ ተቀጣ፤ ሁለተኛ ጊዜ በስሌቱ ተቀጣ።

አሁን ደግሞ ከሕመም ይልቅ ሞት ይቆጠር። አስፋልት ዳር ያለው ታማሚ በዚያው ቀን ተመርምሮ ኮአርተም ይጀምራል። ቆላው ውስጥ ያለው ሕፃን ጤና ጣቢያ እስኪደርስ ቀናት ያልፋሉ፤ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ደግሞ ቀናት አይሰጥም። በመጀመሪያው ወረዳ ከሚቀረው 5,000 ሕመም ጋር 2 ሞት፣ በሁለተኛው 20 ሞት ይቀራል እንበል። የአንድ ነፍስ ዋጋ በመጀመሪያው 2.5 ሚሊዮን ብር፣ በሁለተኛው 300 ሺህ ብር ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። የተለወጠው የምንቆጥረው ነገር ብቻ ነው። ሕመም እንቁጠር ወይስ ሞት የሚለውን ደግሞ የትኛውም ቀመር አይመልስም፤ የሚመልሰው ሰው ነው። ሰው የመለሰውን ጥያቄ «ሳይንስ ወሰነ» ብሎ ማቅረብ ከኃላፊነት መሸሽ ነው።

ባለሙያዎች በዚህ ላይ መልስ አላቸው፤ ትክክለኛ መልስም ነው። ያልተመዘገበውን ታሳቢ አድርጎ የማስተካከል ዘዴ አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ የሚያወጣው የወባ ሪፖርትም የየአገሩን ቁጥር ሪፖርት ያላደረጉ ተቋማትንና ወደ ሕክምና ያልሄዱ ሰዎችን ከግምት አስገብቶ ያሰላል። መልካም። ታዲያ ጥያቄው ዘዴው አለ ወይ ሳይሆን ማስተካከያው እስከ ወረዳ ወርዶ የአጎበሩን ጭነት ይነካል ወይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ወረዳዎች በደረጃ የሚከፈሉት በዓመት ከ1,000 ነዋሪ ስንት ታማሚ ተመዘገበ በሚል መለኪያ ነው። መዝገቡ የሳሳበት ወረዳ ወባው ሳይቀንስ ደረጃው ዝቅ ሊል ይችላል። ይህ እንዳይሆን ምን ተደርጓል? ለየትኛው ወረዳ ምን ያህል ተጨመረ? ይህን የሚያሳይ፣ ማንም ዜጋ ከፍቶ የሚያየው ሰንጠረዥ የት አለ?

ዝም አይነቅዝም ይባላል። በወባ ሪፖርት ግን ዝምታ ይነቅዛል። ያልደረሰ ሪፖርት በባዶ ሣጥን ይጀምራል፤ ባዶው ሣጥን ሲደመር ዜሮ ይሆናል፤ ዜሮው በስብሰባ ላይ «መሻሻል» ተብሎ ይነበባል።

*ግድግዳ ላይ ያለው ሞዴል*

ሞዴል ሲባል የውጭ ዩኒቨርሲቲና ትልቅ ኮምፒውተር ብቻ የሚታየው ሰው ወደ አንድ ጤና ኬላ ጎራ ይበል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በየሳምንቱ የምትሞላው የወባ መከታተያ ቻርት አለ። አንዱ መስመር የዘንድሮ ታማሚ ነው። ሌላው መስመር ባለፉት አምስት ዓመታት በዚያው ሳምንት ከተመዘገበው ሁለተኛው ትልቁ ቁጥር ነው። የዘንድሮው መስመር ያንን ካለፈ ወረርሽኝ ነው ተብሎ ይታሰባል። ትልቁ ተትቶ ሁለተኛው የተመረጠው አንድ የወረርሽኝ ዓመት ልኩን እንዳያበላሽ ነው። ብልህ ስሌት ነው፤ እርሳስና ማስመሪያ ይበቃዋል፤ ከሁሉም በላይ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል።

ይህ ስሌት ግን አንድ እምነት አለው፤ ከአምስት ዓመት ውስጥ ክፉው አንድ ነው ብሎ ያምናል። 2022፣ 2023 እና 2024 ተከታትለው ክፉ ሲሆኑስ? ሁለተኛው ትልቁ ቁጥር ራሱ የወረርሽኝ ቁጥር ይሆናል። ልኩ ከወረርሽኙ ጋር አብሮ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በ2019 ሰው ሁሉ ደወል የሚደውልበት የነበረው ቁጥር «ከልክ በታች» ሆኖ ይነበባል። ሕዝቡ እየታመመ ቻርቱ ሰላም ነው ይላል። መሣሪያው አልተበላሸም፤ የተሠራበት ዘመን አልፎበት ነው። ሞዴል ሁሉ እንዲህ ነው፤ እንደ አጎበር ያረጃል፤ የሚያረጅበትን ቀን የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል።

ትንኟም አትጠብቅም። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው፣ ከእስያ የመጣችው የከተማ ትንኝ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። የምትራባው በሮቶ፣ በበርሜልና ለግንባታ በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ነው። የአገሪቱ የወባ መከላከል ሥራ ግን የተተከለው በገጠር፣ በረግረግና በክረምት ዝናብ ላይ ነበር። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ከጃንዋሪ እስከ ሜይ 2,425 ታማሚ ተመዘገበ፤ በ2019 በተመሳሳይ ወራት 205 ነበር። በአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የተመራው ጥናት ወረርሽኙን ከዚህች ትንኝ ጋር አያይዞታል። በዚያው ዓመት የታተመ የሞዴል ጥናት ደግሞ ተጨማሪ እርምጃ ካልተወሰደ ትንኟ በኢትዮጵያ ዓመታዊውን የፋልሲፓረም ወባ ወደ 50 በመቶ ልትጨምረው እንደምትችል ገምቶ ነበር። አጥኚዎቹ ግምቱ ሰፊ የስህተት ወሰን እንዳለው አልደበቁም። ማስጠንቀቂያው በጊዜው መጣ። ከማስጠንቀቂያው በኋላ ስንት ከተማ የውሃ ማጠራቀሚያውን ከደነ? ይህን የመጠየቅ መብት ያለው ግብር የሚከፍለው ሕዝብ ነው።

*የመዘግየት ዋጋ*

አዋጭነት ሲሰላ ሁልጊዜ የሚረሳ አንድ ዋጋ አለ፤ የመዘግየት። በአብዛኛው ኢትዮጵያ ዋናው የወባ ወቅት ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ርጭት ከዚያ በፊት ካለቀ ትንኟን በሰዓቷ ያገኛታል። ጨረታ ተጓትቶ፣ ኬሚካል ወደብ ላይ ቆይቶ፣ ርጭቱ ኅዳር ላይ ቢጀመር የሚወጣው ብር ያው ነው፤ የሚድነው ሰው ግን ያው አይደለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። በሪፖርቱ ላይ «ዕቅዱ መቶ በመቶ ተከናውኗል» ይላል፤ ቤቶቹ ተረጭተዋልና ውሸት አይደለም።

ሞዴል እዚህ ጋ ጥሩ ምስክር መሆን ይችላል። ርጭቱ በስምንት ሳምንት ቢዘገይ ስንት ሰው ይታመማል ብሎ መጠየቅ ለዚህ ሥራ ከባድ ጥያቄ አይደለም። ቆላው ወረዳ ምን ያህል ውድ እንደሆነ የሚሰላበት ያው ቀመር የአንድ ፊርማ መዘግየት ምን ያህል ውድ እንደሆነም ማስላት ይችላል። ስሌቱ ድሃውን ወረዳ ለመመዘን ሲሆን ይፈጥናል፤ ቢሮን ለመመዘን ሲሆን ግን የት ይገባል?

ይህች አገር የመዘግየትን ዋጋ አታውቅም አይባልም። እ.ኤ.አ በ1958 በደጋማና በወይና ደጋ አካባቢዎች ጭምር የተነሳው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። ያኔ ቻርትም፣ ጤና ኬላም፣ የሞባይል ስልክም አልነበረም። ዛሬ ሦስቱም አሉ።

*ምን ይደረግ?*

በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ አንድ እውነት ፈጥጦ ወጣ። አጎበሩም፣ ኬሚካሉም፣ ስሌቱም ጭምር በለጋሽ እጅ ላይ ብዙ ተደግፈው ነበር። ከእንግዲህ ገንዘቡ ሲያንስ መምረጡ ይከፋል፤ መምረጡ ሲከፋ ደግሞ ምርጫው በዝግ ክፍል የሚደረግበት ምክንያት ይቀንሳል። የሚጠየቀው ነገር ብዙ ገንዘብ አይፈጅም።

አንደኛ፣ የአጎበርና የርጭት ድልድል የተሠራበት መነሻ ግምት ሁሉ ከድልድሉ ጋር ይታተም። ምን ተቆጠረ፣ በምን ዋጋ፣ ለስንት ዓመት ተሰላ? በአንድ ገጽ አማርኛና በየክልሉ የሥራ ቋንቋ የማይጻፍ መነሻ የለም።

ሁለተኛ፣ ሪፖርት ያላደረገ ጤና ኬላ በዜሮ አይሞላ። ባዶው ሣጥን ባዶ ሆኖ ይታይ። ከተወሰነ ሳምንት በላይ ዝም ያለ ወረዳ «ዝቅተኛ ወባ» ተብሎ መመደቡ ቀርቶ፣ ለዝምታው ምክንያት እስኪገኝ ድረስ ከፍተኛ ስጋት ያለበት ተደርጎ ይያዝ።

ሦስተኛ፣ አዋጭነት ከመሰላቱ በፊት ወለል ይኑር። የትም የሚኖር የወባ ታማሚ ምርመራና መድኃኒት ማግኘቱ ለውድድር የሚቀርብ ነገር አይሁን። ስሌቱ ከወለሉ በላይ ያለውን ያከፋፍል።

አራተኛ፣ የወረርሽኝ ልኩ ከክፉዎቹ ዓመታት በፊት ከነበረው ጋር እየተነጻጸረ ይነበብ፤ ወረርሽኝ ልማድ እንዳይሆን።

አምስተኛ፣ ትንበያ በዓመቱ ይመርመር። ባለፈው ዓመት ምን ተባለ፣ ምን ሆነ? ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በናይጄሪያ ጋርኪ በተባለ አካባቢ ከ1969 እስከ 1976 የዓለም ጤና ድርጅትና የናይጄሪያ መንግሥት ርጭትንና መድኃኒትን አጣምረው ወባን ለማቋረጥ ሞክረው ነበር። ወባው እጅግ ቀነሰ፤ ግን አልተቋረጠም። ያልተሳካውን ከነዝርዝሩና ከነሞዴሉ በ1980 በመጽሐፍ አሳተሙት፤ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይማሩበታል። ስህተቱን ያሳተመ ስሌት ይታመናል። ተሳስቶ የማያውቅ የሚመስለው ግን ሊጠረጠር ይገባል።

ይህን ሁሉ ለመሥራት የሚያስችል ሰው በአገር ውስጥ አለ። በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሥር የጤና መረጃ ማዕከል ተቋቁሟል፤ ዩኒቨርሲቲዎች የሒሳብና የጤና ምሩቃን ያፈራሉ፤ በየቀበሌው ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ተሰማርተው ኖረዋል። የጎደለው ስሌቱን ግድግዳ ላይ የመስቀል ድፍረት ነው። የጤና ኬላዋ ባለሙያ በእርሳስ የሠራችውን ቻርት ለመጣ ለሄደው ሁሉ ታሳያለች። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ዕጣ የሚወሰንበት ስሌት ከእሷ ቻርት በላይ የሚደበቅበት ምክንያት የለም።

ወረዳዬ ለምን አጎበር አልደረሰውም ብሎ የሚጠይቅ አባወራ «አዋጭ ስላልሆነ» የሚል መልስ ከተሰጠው፣ ቀጣዩ ጥያቄው አጭር ይሁን፦ ስንት ሆነን ተቆጠርን?